ሳፖኒንና ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዕፅዋት ስለሚገኙት ሳፖኒኖችና ካንሰርን ይዋጋሉ ስለመባላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ሳፖኒን ምንድን ነው?

ዕፅዋት የሚሠሩት፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲመታ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ የሚያወጣ ውህድ ነው። ሞለኪውሉ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ከስብ ጋር የሚስማማ፣ ውሃን የሚሸሽ ግንድ ነው፤ ሁለተኛው በዚህ ግንድ ላይ የተቀጠለ ውሃ ወዳድ የስኳር ሰንሰለት ነው። ስብንም ውሃንም በአንድ ጊዜ መያዝ ስለሚችል የሳሙናን ሥራ ይሠራል።

ግንዱ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። 30 የካርቦን አቶም ያለው ትራይተርፔን ይባላል፤ የጂንሰንግ (ሥሩ ለባህላዊ መድኃኒትነት የሚውል ተክል)፣ የአኩሪ አተር፣ የሊኮሪስ (ሥሩ ጣፋጭ የሆነ ተክል) ሥርና የኪላያ ዛፍ ሳፖኒኖች ከዚህ ወገን ናቸው። 27 ካርቦን ያለው ስቴሮይድ ይባላል፤ በአብሽ፣ በቦዬ ዝርያዎችና በዲጂታሊስ (የልብ መድኃኒት የሚወጣበት ተክል) ዘር ውስጥ ይገኛል። የስኳሩ ሰንሰለት አንድም ሁለትም ሊሆን ይችላል። ነገሩ የኬሚስቶች ዝርዝር ይመስላል እንጂ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ከሰንሰለቱ አንድ ስኳር ሲነሳ ወይም ቦታው ሲቀየር ገር የነበረው ውህድ መርዝ፣ መርዝ የነበረውም ገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሳፖኒን ይህን ያደርጋል» የሚል ጥቅል አነጋገር ሲያጋጥምዎ የትኛው ሳፖኒን ብለው ይጠይቁ።

ተክሉ ለምን ይሠራዋል?

ራሱን ለመከላከል ነው። በዚህ ረገድ አጃ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ሥሩ አቬናሲን የተባለ ሳፖኒን ያከማቻል፤ ተመራማሪዎች ይህን ውህድ መሥራት የተሳናቸውን የአጃ ዝርያዎች ለይተው ሲያጠኑ ሥራቸው በሻጋታ በቀላሉ ሲጠቃ ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት እንዶድም ኃይሉን የሚያገኘው ከሳፖኒን ነው፤ ከፍሬው ተለይቶ ከወጡት ውህዶች አንዱ ሌማቶክሲን የተባለው በእሳቸው ስም ነው።

እንግዲህ ሳፖኒን ከመጀመሪያውም የሕያዋንን ሕዋስ ለመጉዳት የተሠራ ነገር ነው። የካንሰር ተመራማሪዎችን የሳባቸውም፣ ያስቸገራቸውም ይኸው ባሕርዩ ነው።

ካንሰርን ይፈውሳል?

አይፈውስም። ብቻውን ተሰጥቶ የሰውን ካንሰር እንደሚያድን በአስተማማኝ ክሊኒካዊ ሙከራ የተረጋገጠ ሳፖኒን እስካሁን የለም። ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን የተገኙት ከቤተ ሙከራ ሳህንና ከአይጥ ነው።

የካንሰር ሕዋስን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሲሆን፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሻካራ መንገድ ነው። የሕዋሳችን ሽፋን ከስብ የተሠራ ሆኖ በመካከሉ ብዙ ኮሌስትሮል አለው። ሳፖኒን ደግሞ ኮሌስትሮልን አጥብቆ ይወዳል። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቪንዳውስ ከዲጂታሊስ ዘር የሚወጣው ዲጂቶኒን ከኮሌስትሮል ጋር ተጣምሮ እንደሚዘቅጥ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር፤ ለረጅም ዘመን ኮሌስትሮል የሚለካውም በዚህ ዘዴ ነበር። ሳፖኒኑ ወደ ሽፋኑ ገብቶ ከኮሌስትሮሉ ጋር ሲጣበቅ ሽፋኑ ይበሳል፣ በውስጡ ያለው ይፈሳል፣ ሕዋሱም ይሞታል።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። መጠኑ ሽፋኑን ለመብሳት በማይበቃበት ጊዜ አንዳንድ ሳፖኒኖች በሕዋሱ ውስጥ የሚተላለፉ መልእክቶችን ያውካሉ። ሕዋሱ ካስፔዝ የተባሉ ኤንዛይሞቹን አስነሥቶ በሥርዓት ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፉታል፤ ወይም መከፋፈሉን መሃል ላይ ያስቆሙታል። ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮችን እንዳይዘረጋ የሚያግዱም አሉ። ከጂንሰንግ የሚገኘው አርጂ3 ደግሞ የካንሰር ሕዋሳት መድኃኒትን ከውስጣቸው ጠርገው የሚያስወጡበትን ፕሮቲን በቤተ ሙከራ ሲያዳክም ታይቷል።

ለሕክምና የሚፈለገው ይህ ሁለተኛው ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጥናቶች አንደኛውን አይተው ሁለተኛውን እንዳዩ አድርገው መጻፋቸው ነው።

«የካንሰር ሕዋስን ገደለ» የሚሉ ጥናቶች በዝተዋል። ውሸት ናቸው?

ውሸት አይደሉም፤ የሚሉት ነገር ግን ከሚመስለው ያንሳል። ዲጂቶኒንን እንደገና እንውሰድ። በባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች የታወቀ የዘወትር ዕቃ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት አሥር ማይክሮግራም ሲጨመርበት ሳህኑ ላይ ያሉት ሕዋሳት በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳሉ፤ ትራይፓን ብሉ የተባለው ቀለም ሲነካቸው፣ ጤነኛ ቢሆኑ ወደ ውስጥ የማያስገቡትን ቀለም ጠጥተው በማይክሮስኮፑ ሥር ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። የጡት ካንሰር ሕዋስ ቢሆን፣ የጤነኛ ሰው የቆዳ ሕዋስ ቢሆን ለዲጂቶኒን ልዩነት የለውም። «ዲጂቶኒን የጡት ካንሰር ሕዋስን ገደለ» ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ ዲጂቶኒን የካንሰር መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም።

ሌላው ጉዳይ መጠን ነው። አንድ ጥናት አርጂ3ን በ100 ማይክሮሞላር መጠን ሞክሮ ውጤት አገኘ እንበል፤ እንዲህ ያለ መጠን በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ብርቅ አይደለም። የአርጂ3 የሞለኪውል ክብደት 785 ገደማ ስለሆነ ይህ በአንድ ሊትር ፈሳሽ 78 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ነው። ያው ውህድ በአፍ ሲወሰድ ግን በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን የሚለካው በሚሊ ሊትር በናኖግራም ነው። በሳህኑና በደሙ መካከል ያለው ርቀት በሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው። ከዜናው ርዕስ ላይ ዘወትር የሚቀረው ይህ ስሌት ነው።

የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ጤነኛውን የሚተው ሳፖኒን አለ?

ወደዚያ የቀረቡ አሉ። በጣም የሚጠቀሰው ኦኤስደብልዩ 1 ነው፤ ኦርኒቶጋለም ሳውንደርሲዬ ከተባለ አበባ ኮረት የጃፓን ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት ሲሆን፣ ዘገባቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የሚሠራው በናኖሞላር (የማይክሮሞላር ሺህኛ) መጠን ነው፤ ይህም ከሌሎቹ ሳፖኒኖች በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። እንዲህ ባነሰ መጠን ሽፋን እየበሳ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የሚይዘው አንድ የተለየ ዒላማ መኖር አለበት ተብሎ ተጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ዒላማው ታወቀ፦ በሕዋስ ውስጥ ኮሌስትሮል መሰል ቅባቶችን የሚያጓጉዙ ሁለት ተዛማጅ ፕሮቲኖች ናቸው። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህ ግንባር ቀደም ነው፤ «ይገድላል» ከሚለው አልፎ «ምኑን ይዞ ይገድላል» የሚለውን መልሷልና።

ያም ሆኖ ኦኤስደብልዩ 1 እስካሁን በየትም አገር የተፈቀደ መድኃኒት አልሆነም። እነዚያ ፕሮቲኖች በጤነኛ ሕዋስ ውስጥም ሥራ አላቸው፤ ውህዱም መርዛማ ነው። ለይቶ የመግደል አቅምና ሰውን ሳይጎዳ የመሥራት አቅም አንድ አይደሉም።

ከአውስትራሊያ በረሃ ግራር የወጡት አቪሲን የተባሉት ሳፖኒኖችም እ.ኤ.አ. በ2001 በታተሙ ጥናቶች ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። የሕዋሱን የኃይል ማመንጫ ማይቶኮንድሪያን አውከው ሞትን እንደሚያስጀምሩ ታይቷል፤ ወደ ሕመምተኛ አልጋ ግን አልደረሱም።

በመርፌ ቢሰጥስ? በአፍስ?

በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገባ የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ሽፋናቸው ኮሌስትሮል የበዛበት ስለሆነ ይፈነዳሉ። ሁሉም ሳፖኒን በዚህ እኩል አይደለም። ሁለት የስኳር ሰንሰለት ያላቸው ባለ አንድ ሰንሰለቶቹን ያህል ደም አያፈርሱም፤ አንዳንድ የጂንሰንግ ሳፖኒኖች ደግሞ በዚህ ረገድ ገር ናቸው።

በአፍ ሲወሰድ ይህ አደጋ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ሳፖኒኑ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ ነው። ለመድኃኒት ቀማሚዎች 500 የሞለኪውል ክብደት እንደ ሻካራ ድንበር ያገለግላል፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በአንጀት ግድግዳ ለማለፍ ይቸገራል። የሊኮሪሱ ግሊሲሪዚን 823፣ ዲጂቶኒን 1,229 ገደማ ይመዝናሉ። ከሁሉም የሚያስገርመው የአንጀት ባክቴሪያዎች ድርሻ ነው። የጂንሰንግን ትልልቅ ሳፖኒኖች ስኳራቸውን እየነቀሉ ወደ ትንሿ «ኮምፓውንድ ኬ» ይለውጧቸዋል፤ ወደ ደም የተሻለ የሚገባውም ይህ ቅሪት ነው። የአንጀት ባክቴሪያ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እንክብል ውጠው በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ሳፖኒን ያላቸውን ምግቦች ብመገብ ካንሰር አይዘኝም?

እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ማስረጃ የለም። ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ አብሽ፣ አጃና ኪኖዋ ሁሉም ሳፖኒን አላቸው፤ ጥራጥሬ አዘውትሮ መብላትም ለጤና ጥሩ ነው። ነገር ግን በጥራጥሬ ውስጥ አሰርም፣ ፕሮቲንም፣ ሌሎች ብዙ ውህዶችም ስላሉ ጥቅሙን ለሳፖኒን ብቻ መስጠት አይቻልም። ለምግብነታቸው ይብሏቸው።

ጂንሰንግ የካንሰር ሕሙማንን ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ማስረጃ አለ፤ እሱም ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ድካም የነበረባቸው 364 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 2,000 ሚሊ ግራም የአሜሪካ ጂንሰንግ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ለስምንት ሳምንት ወሰዱ። በስምንተኛው ሳምንት ጂንሰንግ የወሰዱት ድካማቸው ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ሙከራ የለካው ድካምን እንጂ ዕጢን አይደለም።

በቻይና አርጂ3 በእንክብል መልክ ተፈቅዶ ከኬሞቴራፒ ጎን ለጎን ይሰጣል። የተሰጠው ቦታ የደጋፊ እንጂ የዋና መድኃኒት አይደለም። አርጂ3 በጥሬው ጂንሰንግ ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ የሚበዛው ሥሩ በእንፋሎት ተቀቅሎ ቀይ ጂንሰንግ ሲሆን ሙቀቱ ከሌሎቹ ሳፖኒኖች ላይ ስኳር ስለሚነቅል ነው። ስለዚህ ስለ አርጂ3 የተጻፈውን አንብቦ ማንኛውንም ጂንሰንግ መግዛት፣ የተባለውን ነገር መግዛት ላይሆን ይችላል።

ከተክል የመጣ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?

አለው። የሊኮሪስ ሥርን እንይ፤ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከግሊሲሪዚን ነው። ኩላሊት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን የሚያመክንበትን ኤንዛይም ያግዳል፤ በዚህ የተነሳ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ፖታሲየም ይጥላል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። አብዝቶና አዘውትሮ የወሰደ ሰው ጡንቻው እስኪዝል፣ የልብ ምቱ እስኪዛባ ሊደርስ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች በቀን ከ100 ሚሊ ግራም ግሊሲሪዚን በላይ አዘውትሮ እንዳይወሰድ የመከሩት ለዚህ ነው።

ካንሰር ለያዘው ሰው የሚብሰው ስጋት ከመድኃኒቶቹ ጋር የሚፈጠረው ግጭት ነው። የአሜሪካ ጂንሰንግ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ እንደሚያዳክም በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ሌላ በሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ ደግሞ አለ፦ ለደም ካንሰሩ ኢማቲኒብን ለዓመታት ያለ ችግር ሲወስድ የቆየ ወጣት ጂንሰንግ ያለበት ማነቃቂያ መጠጥ ከጀመረ በኋላ ጉበቱ ተጎዳ፤ ጂንሰንጉን ካቆመ በኋላ ወደ ኢማቲኒቡ ተመልሶ ችግሩ አልደገመውም። አንድ ሰው ላይ የታየ ነው፤ ሆኖም ለሐኪምዎ ስለሚወስዱት ነገር ሁሉ፣ ሻይም ቢሆን፣ እንዲነግሩ በቂ ምክንያት ነው።

ኬሞቴራፒው ከብዶኛል፤ ትቼው ወደ ዕፅዋት ብሄድስ?

አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎች፣ ተመሳሳይ ካንሰር ይዟቸው መደበኛ ሕክምና ከተከታተሉ ሰዎች ጋር ተነጻጽረው ነበር። አማራጩን የመረጡት የመሞት ዕድላቸው በጥቅሉ 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። የኬሞቴራፒው ጣጣ ከብዶዎት ከሆነ መጠኑ ሊቀነስ፣ መርሐ ግብሩ ሊለወጥ፣ ለማቅለሽለሹ የሚሆን መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህን ሁሉ ከካንሰር ሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የካንሰር መድኃኒቶቹ ታክሶልና ቪንክሪስቲን ከዕፅዋት የመጡ አይደሉም? እነሱ ሳፖኒን ናቸው?

ከዕፅዋት መጥተዋል፤ ሳፖኒን ግን አይደሉም። ቪንክሪስቲን አልካሎይድ የተባለ፣ ናይትሮጅን ያለው የዕፅዋት ውህድ ነው። ታክሶል ዳይተርፔን የተባለ ሌላ ዓይነት የዕፅዋት ውህድ ሲሆን የስኳር ሰንሰለት የለውም። ሁለቱም ሕዋስ ሲከፋፈል ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱትን ክሮች ይዘው የሚሠሩ፣ ዒላማቸው የታወቀ መድኃኒቶች ናቸው። የእነሱን ስኬት ለሳፖኒን ማስያዣ አድርገው የሚጽፉ ስላሉ ልብ ይበሉ። ተመሳሳይ ግርታ በዲጂታሊስ ላይም ይፈጠራል፦ ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ዲጎክሲንና ሽፋን የሚበሳው ዲጂቶኒን ከአንድ የተክል ወገን ቢወጡም ሥራቸው ለየቅል ነው።

ሆኖም ሳፖኒን በጓሮ በር ወደ ካንሰር ሕክምና ከገባ ቆይቷል። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ የሚወጣውን ሳፖኒን ስኳሩን አንሥቶ ዳዮስጄኒን የተባለውን ግንድ አገኘ፤ ከእሱም ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ሠራ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ኮርቲሶን መሰል መድኃኒቶች በብዛት ይሠሩ የነበሩት ከዚሁ ግንድ ነው። የእነዚህ ወገን የሆኑት ፕሬድኒሶንና ዴክሳሜታሶን ዛሬ ሊምፎማና ማልቲፕል ማይሎማ ለተባሉት የደም ካንሰሮች የሚሰጡ የሕክምና ቅንብሮች አካል ናቸው።

ይህ ሁሉ ችግር ካለበት ተመራማሪዎች ለምን አልተዉትም?

ምክንያቱም ዋጋ ያለው ባሕርዩ ሌላ ቦታ ተገኘ። በቺሊ ከሚበቅለው የኪላያ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ኪውኤስ 21 ካንሰርን አይገድልም፤ በሽታ የመከላከል ሥርዓታችንን ግን አጥብቆ ይቀሰቅሳል። አልማዝ ባለጭራን በሚከላከለው ሺንግሪክስ ክትባት ውስጥም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲሰጥ በመከረው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ውስጥም አለ። ደም የማፍረስ ጠባዩ የተገራበት ብልሃት ደስ ይላል፦ ኮሌስትሮል ባለባቸው ጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ውስጥ ይከተታል፤ እዚያ የሚፈልገውን ኮሌስትሮል አግኝቶ ስለሚጣበቅ የሰውየውን ሕዋስ አይነካም። ዋናው ጥፋቱ የነበረው ነገር ልጓሙ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት በካንሰር ክትባቶች ላይ ተሞከረ። ግላክሶ ስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ማጌ ኤ3 የተባለውን የካንሰር ፕሮቲን ኪውኤስ 21 ካለበት ቅንብር ጋር አድርጎ፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ከ2,300 በላይ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ፈተነው። ክትባቱ ካንሰሩ እንዳይመለስ ማድረግ ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ2014 ሙከራው ቆመ፤ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ የተደረገውም አልተሳካም። የወደቀው ሳፖኒኑ ነው ለማለት አይቻልም፤ የተመረጠው ፕሮቲን ራሱ ዕጢን ለማጥቃት የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ከወባና ከአልማዝ ባለጭራ የተገኘው ድል ግን በካንሰር ላይ በቀጥታ እንደማይገለበጥ አሳይቷል።

«መድኃኒት አድራሽ ሳፖኒን» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚያጓጓው መስመር ይህ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ የካንሰር መድኃኒቶች የካንሰር ሕዋስን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካልና በእሱ ላይ የተንጠለጠለ መርዝ ናቸው። ሕዋሱ ይውጣቸዋል፤ ሆኖም ኢንዶዞም በተባለ ከረጢት ውስጥ ታሽገው ይቀራሉ። ከረጢቱ ሥራው መፍጨት ስለሆነ አብዛኛው መርዝ ዒላማው ሳይደርስ ይወድማል።

ሳፖናሪያ የተባለው ተክል ለዚህ ሁለቱንም ነገር ያቀርባል። በዘሩ ውስጥ ሳፖሪን የሚባል፣ የሕዋስን ፕሮቲን መሥሪያ የሚያቆም መርዝ አለ፤ በሥሩ ደግሞ ኤስኦ 1861 የተባለ ሳፖኒን። በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሳፖኒኑ ሽፋን ለመብሳት ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ መጠን ሲጨመር ከረጢቱን ከፍቶ መርዙን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። በሳህንና በአይጥ ላይ የመርዙ ኃይል ብዙ እጥፍ ስለጨመረ፣ የሚያስፈልገው የመርዝ መጠን በዚያው ልክ ሊቀነስ ቻለ። እዚህ ላይ ሳፖኒኑ ራሱ ገዳይ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ በር ከፋች ነው። ያ ደግሞ ተፈጥሮው ነው።

በብዛት ማምረቱ ለምን ከበደ?

ተክሉ አንድ ሳፖኒን ብቻ አይሠራም። በኪላያ ቅርፊት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ እጅግ የሚመሳሰሉ ሳፖኒኖች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ኪውኤስ 21 ከእነሱ አንዱ ነው። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማጣራት አድካሚ ሲሆን ለቅርፊቱም ያደገ ዛፍ ያስፈልጋል። በፋብሪካ ከሥር ከመሠረቱ መገንባትም፣ ሞለኪውሉ ወደ 2,000 የሚጠጋ ክብደት ያለውና በስኳር የተወሳሰበ ስለሆነ፣ ብዙ ደረጃዎችን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ከሌሎች ፍጥረታት የተወሰዱ ወደ 40 የሚጠጉ ኤንዛይሞችን በእርሾ ውስጥ አስገብተው ኪውኤስ 21ን ከተራ ስኳር ማሠራት ችለዋል። ምርቱ ገና በሊትር አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ነገር ግን እርሾው ዛፉ የማያውቃቸውን አዳዲስ ዓይነቶች እንዲሠራ ማዘዝ ስለሚቻል፣ ስኳሩን እየለዋወጡ መርዛማነቱ ያነሰውን ለመፈለግ መንገድ ከፍቷል።

ስኳሩን ጥሎ ግንዱን ብቻ መጠቀም አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። ኦሊያኖሊክ አሲድ የብዙ ሳፖኒኖች ግንድ ነው። ኬሚስቶች ይህን ግንድ ቀይረው ባርዶክሶሎን የተባለ ውህድ ሠሩ፤ መጀመሪያ የተሞከረው በካንሰር ሕሙማን ላይ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ኦማቬሎክሶሎን እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ግን ለካንሰር ሳይሆን ፍሪድራይክ አታክሲያ ለተባለ በዘር የሚወረስ የነርቭ በሽታ። ስኳሩ የሌለው ውህድ ግን ሳፖኒን አይባልም፤ ሽፋን የመብሳትና በር የመክፈት ጠባዩም አብሮት ይሄዳል። ምርጫው የሚወሰነው ከውህዱ በሚፈለገው ሥራ ነው።

ስለ ሳፖኒን አዲስ ጥናት ሳነብ ምን ምኑን ልይ?

መጀመሪያ፣ የተሞከረው ነገር ተለይቶ የወጣ አንድ ውህድ ነው ወይስ የተክል ጭማቂ? «ሳፖኒን ያለበት ጭማቂ» ከሆነ ሳፖኒኑ መኖሩ የታወቀው እንዴት ነው? በመነቅነቅ አረፋ አውጥቷል ተብሎ ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ አረፋ የሚያወጡ ሌሎች ነገሮችም አሉና። ቀጥሎ፣ ጤነኛ ሕዋስና ቀይ የደም ሕዋስ በተመሳሳይ መጠን ተፈትነዋል? ካልተፈተኑ ሽፋን መብሳት ይሁን ሌላ ነገር ማንም አያውቅም። መጠኑንም ይመልከቱ፤ አሥሮችና መቶዎች ማይክሮሞላር ካዩ ያ ነገር በሰው ደም ውስጥ ሊደረስበት እንደሚችል ጸሐፊዎቹ ማስረዳት አለባቸው።

የአይጥ ሙከራ ከሆነ መድኃኒቱ የተሰጠው በአፍ ነው፣ ወይስ በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ተወግቶ? ዕጢ ውስጥ የተወጋ ሳፖኒን ዕጢውን ቢያጠፋ አያስገርምም። በሰው ላይ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ማነጻጸሪያ ቡድን ነበረ ወይ፣ የተለካውስ ምንድን ነው? «ዕጢው ቀነሰ» ብሎ የሚያቆም ዘገባ ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደኖረ ገና አልነገረንም።